ሠራተኛዋ ሞታበት ነው

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ስለ መጠጡ፣ በከንቱ ስለ ማልኩት፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ስለ ተኳረፍንበት ዘመን ሁሉ ተናግሬ፣ ስግደቴን ተቀብዬ ወጥቻለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ አፈሩ ይቅለላትና ሳታውቀው ሞተች። ስጠጣ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም፣ ስጠጣ ደግሞ የማያመልጠኝ ነገር እንደሌለ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ዛሬ እናንተን እንደ አባት ፊቴ አስቀምጬ ልናገር ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል መሰለኝ።

አንዲት እናት በእኔ ቀልድ ምክንያት ሞታለች። ያለ እኔ ቀልድም ትሞት ነበር ይሆናል፤ እሱን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እኔ የማውቀው እኔ ያደረግኩትን ነው።

ግርማ እባላለሁ። አራዳ ተወልጄ፣ አራዳ አድጌ፣ እዚያው ሸምግያለሁ። ላዳ ታክሲ ነበረችኝ፣ ሰማያዊና ነጭ። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን በመኪናዬ ሳይሆን በአፌ ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አስቃለሁ። «ዛሬ ግርማ ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፣ ያልኩትም ከእኔ ቀድሞ ጊዮርጊስ ደርሶ ይጠብቀኛል። ሰው ገና እኔን ሲያይ፣ አፌን ሳልከፍት ፈገግ ሲልልኝ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ያን ደስታ ለማንም፣ ለምንም አልሰጥም ነበር። ብሰጥ ኖሮ ይህን አልጽፍም።

የምንኖረው ከአፍንጮ በር ዝቅ ብሎ በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ ዙሪያውን የተደረደሩ የቀበሌ ቤቶች። ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እማማ አስካለና ልጃቸው ፍሰሐ ነበሩ። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ ስለሆነ ሲያስሉ ይሰማኛል፣ ሳስል ይሰማቸዋል። ፍሰሐ እናቱን «እቴቴ» ነበር የሚላቸው። ብዙ ቤት እንደሚሆነው፣ ታናናሾቻቸው የሚጠሯቸውን እየሰማ አድጎ በዚያው ቀረ። «እቴቴ ውኃው ሞቋል፣» «እቴቴ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ሲል ጠዋት ማታ እሰማለሁ።

ፍሰሐ ተዋናይ ነው። መጀመሪያ ቲያትር ቤት ትንንሽ ቦታ ይሰጡት ነበር፤ ዘበኛ፣ ፖስታ አዳይ፣ ከንጉሥ ኋላ ጦር ይዞ የሚቆም ወታደር። ኋላ እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን በሚታይ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ወንድይፍራው የሚባል ሰው ሆኖ መጣ። ወንድይፍራው ከድህነት ወጥቶ ሀብታም የሆነ ነው። አንድ ቀን ትልልቅ እንግዶች ሳሎኑ ተቀምጠው ሳሉ፣ ለፍታ ያሳደገችው እናቱ ሳህን ይዛ ብቅ ትላለች። እንግዳው «እኚህ ማናቸው?» ሲል ወንድይፍራው ቀና እንኳ ሳይል «ሠራተኛችን ናት» ይላል። እናትየዋ ሳህኑን አስቀምጣ፣ እጅ ነስታ ትወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ትሞታለች። እሱም ሬሳዋ ላይ ተደፍቶ «እማዬ! እማዬ ተነሺ!» እያለ አገር ምድሩን ያስለቅሳል።

አገሩ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲያበቃ ፍሰሐን ጠላው። ጉሊት ሽንኩርት አልሸጥልህም ተብሎ ባዶ ዘንቢል ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። አንዲት ባልቴት ታክሲ ሰልፍ ላይ «እናትህን የት ጣልካት አንተ የማትረባ!» ብለው በጃንጥላ ጀርባውን አሉት። እሱ ይስቃል። «ሥራዬን ወደዱልኝ ማለት ነው» ይላል። ሌላው ሰው ለወሬ ያህል ጠልቶት ድራማው ሲያልቅ ረሳው። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠላሁት።

ልጅየው ምን አደረገኝ? ምንም። እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርስ አያለሁ፣ ማታ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ እግራቸውን ሲያጥብ አያለሁ። ዓይኔ ያያል፣ ልቤ ግን «ያስመስላል» ይላል። ከውስጡ ከሌለ ያን የመሰለ ክፋት ከየት አመጣው እላለሁ። ደግነቱን ድራማ፣ ድራማውን እውነት አድርጌ ያዝኩት። ይህ የጤና ነው?

እናቴ በሕይወት ሳለች አትክልት ተራ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር በዚያ ሳልፍ «ግርማዬ!» ብላ ጠራችኝ። አንዱ «ማናት?» አለኝ። «ጎረቤታችን ናት» አልኩ። ሰምታኛለች፣ ምክንያቱም ማታ ቤት ስገባ ምንም አልተናገረችኝም፤ ራቴን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ዞረች። እንግዲህ ያ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ወንድይፍራው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል። ይህን ያመጣሁት ግን ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻል ይሆናል። ፍሰሐን ስጠላ ግን ሚስት ያገባሁ፣ ልጅ የወለድኩ ጎልማሳ ነበርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሰሐ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለማመዳል። ያ የለቅሶ ክፍል በቴሌቪዥን ገና ሳይታይ፣ እሱን ሲያጠና አንድ ቀን፣ ግቢው በሙሉ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጠ። እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ከቧንቧው ጎን የሚኖሩ ጎረቤታችን ማማሰያ እንደያዙ ነው የደረሱት። ፍሰሐ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፣ አፍሮ፣ ሁሉንም እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ «ከእንግዲህ በትኬት ይሁን» አልኩ። ተሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ቤት ጩኸት ሲሰማ ሰው ከመሮጡ በፊት እኔን ያያል፣ ምን እንደምል ለመስማት።

ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። የግቢው በር አጠገብ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ባለሱቁ ጋሽ መርጊያ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እትዬ ብዙነሽ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ሌሎችም ነበሩ። እኔ ላዳዬን አጥቤ ጨርሼ መስታወቷን እወለውላለሁ። ጩኸቱ ከፍሰሐ ቤት መጣ።

ጋሽ መርጊያ ቆርኪያቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። እትዬ ብዙነሽ በርበሬውን ከጭናቸው አራግፈው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሁሉም ተነሣ። ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ይጠየቃል፤ እንዲያ ነው ያደግነው። ግን ከመሮጣቸው በፊት፣ እንደ ልማዳቸው፣ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ቁጭ በሉ ባካችሁ፣» አልኩ መወልወሌን ሳላቆም። «ሠራተኛዋ ሞታበት ነው።»

እንዴት እንደሳቁ! ጎረምሳው ዳማው ላይ ተደፋ። ጋሽ መርጊያ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። እትዬ ብዙነሽም «አንተ እርኩስ!» እያሉ በርበሬያቸውን መልሰው ሳቡት። እኔ ነኝ ያልኩት። ቁጭ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ። የቆመ ሰው ነበር፣ ነጠላ የሰበሰበ ሰው ነበር፣ እግሩን ያነሣ ሰው ነበር፤ ሁሉንም በአንዲት ቃል ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።

ያ ጨዋታ አለቀ፤ ቆርኪው ተደርድሮ ሌላ ተጀመረ። እኔ መስታወቱን ትቼ ወደ ጎማው ወርጄ ነበር። ድንገት ቀና ስል ፍሰሐ እናቱን አዝሎ ወጣ። ባዶ እግሩን ነው። እማማ አስካለ ጭንቅላታቸው ትከሻው ላይ ወድቋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ አንደኛው እግራቸው ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አለ። «መኪና፣» አለ።

በፒያሳ ቁልቁል ቸርችልን ወረድኩ። መንገዱ እንደ እሑድነቱ ጭር ብሏል፣ እኔ ግን ጡሩምባዬን እያስጮህኩ እነዳለሁ። ከኋላ እማማ አስካለ ያቃስታሉ፤ እሱ ጉልበቱ ላይ አስተኝቷቸው በእጁ ፊታቸውን ያራግባል። ቴዎድሮስ አደባባይን ስንዞር ማቃሰቱ ቆመ። እኔም ሰማሁ፣ እሱም ሰማ። ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ደረታቸውን አዳምጣ፣ ዓይናቸውን ገልጣ አይታ፣ «ምነው እንዲህ አዘገያችኋቸው?» አለች። ፍሰሐ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩትና «መንገዱ ተዘጋግቶብን ነው» አልኩ። በባዶ መንገድ መጥተን! ፍሰሐ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የእናቱን ነጠላ ወደ ማስተካከል ተመለሰ።

እድሩ ድንኳን ጣለ። ፍሰሐ አለቀሰ፣ ደረቱን መታ። ለቀስተኛው ግን አብሮት በማልቀስ ፈንታ ያየው ጀመር። አፍጥጦ፣ ልክ እሑድ እሑድ ቴሌቪዥን ፊት እንደሚቀመጠው። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ድራማው ላይ ይሻል ነበር» አለኝ። እኔ ብሆን ቀልዱን ከዚህ አሳምሬ እናገረው ነበር ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ይህን አስቤያለሁ።

በአርባቸው ፍሰሐ ሰው ፊት ቆመ። «ጋሼ ግርማ ባይኖር እቴቴ ወለል ላይ ነበር የምታልፈው። መኪናውን አስነሥቶ ሲነዳ ያየሁትን ደግነት አልረሳም፣» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ጋሽ መርጊያ መሬት መሬት አዩ፤ እትዬ ብዙነሽ ሳህን ሊያነሡ ይመስል ተነሥተው ሄዱ። እኔ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ከዓመታት በኋላም በሬዲዮ ሲጠይቁት ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፣ ሰፈርተኛውም እየደወለ «ሰማንህ» አለኝ። ያን ቀን በር ላይ የነበርን ሰዎች ግን አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ጋሽ መርጊያ ዳማውን ተዉት። ሱቃቸው ሄጄ ዕቃ ስገዛ «ሌላስ?» ከማለት በቀር አያናግሩኝም ነበር። እሳቸውም ሞቱ።

እስካሁን የነገርኳችሁን የሰማ ሰው «ተሳስተህ ነው እንጂ አውቀህ አይደለም» ይለኝ ይሆናል። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር? ስሕተትማ ይነገራል። ስሕተት ለንስሐ አባት በአንድ ትንፋሽ ይነገራል።

ላዳዬ የቆመችው መስኮታቸው ሥር ነበር። ሌሎቹ ራቅ ስላሉ የሰሙት ጩኸት ብቻ ነው፤ እኔ ቃሉን ሰምቻለሁ። ድራማው ላይ የሚለው «እማዬ» ነው። ሲለማመድም «እማዬ» ነው የሚለው፣ ከዝቅታ ተነሥቶ፣ ቀስ እያለ እየወጣ፣ ለሚቀጥለው ቃል ትንፋሽ እየቆጠበ። ከግድግዳ ማዶ ስንት ጊዜ ሰምቼው በቃሌ ይዤዋለሁ። ያን ቀን የጮኸው «እቴቴ!» ብሎ ነው። ገና ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ተሰነጠቀ። አስቀያሚ ድምፅ ነበር፣ ተዋናይ ሆን ብሎ የማያወጣው። እቴቴ የምትባል ሴት በድራማው ውስጥ የለችም። እቴቴ ያለችው እዚያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ መድኃኒቷን ዋጠች አልዋጠች የምትባለዋ።

አወቅሁ። ቅድም «መወልወሌን ሳላቆም» አልኳችሁ አይደል? ዋሸሁ። እጄ ቆሞ ነበር፣ ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆሞ ነበር። ግን ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ቀልዱ ምላሴ ላይ ደርሷል፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው፣ ቀልዱ ደግሞ ያማረ ቀልድ ነበር። በዚያ ላይ የምጠላው ሰው ነው። አንድ ቀን ይቅመሳት፣ የእናትን ነገር ይቅመሳት ያልኩ ይመስለኛል በልቤ። ጎረቤት ናት ብዬ የካድኩት እኔ፣ ሠራተኛ ናት ብሎ የካደ መስሎ በታየው ልጅ ላይ ፈረድኩ። ከዚያም ሌላ ነገር እንዳልሰማ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጎማዬን መወልወል ጀመርኩ።

ግቢያችን አሁን የለም። ፈርሶ ሰፊ መንገድና የመብራት ምሰሶ ሆኗል፣ እኛም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። አሁን የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ነው፣ የጎረቤት ሳል አይሰማም። ያ ድምፅ ግን ይሰማኛል። ታች ሜዳ ላይ ልጆች ሲጫወቱ፣ አንዷ ታላቅ እህቷን «እቴቴ!» ብላ ስትጠራ ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። የታክሲ ሥራዬን የተውኩት ዓይኔ ደክሞ ነው እላለሁ። እውነቱ፣ ከኋላ ወንበር ሰው ዝም ሲል መንዳት ስለማልችል ነው። መስታወቱን ለማየት እፈራለሁ።

ባለፈው ወር ፒያሳ ደርሼ አንድ ካፌ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ ፍሰሐ ገባ። ሽበት ወርሶታል። ከእናቱ ሞት ወዲህ የሚለቀስበትን ክፍል አልሠራም ብሎ ሥራው ሁሉ ቀርቶበታል፤ የሚኖረው ለሬዲዮ ማስታወቂያ በማንበብ ነው። ትከሻዬን ስሞኝ፣ ጤናዬን ጠይቆኝ፣ ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳልሞት። ያን ቀን ያልከውን ሰምተንሃል እኮ። እኔም፣ እቴቴም።»

ባንኮኒውን ያዝኩ።

«አንድ ጊዜ እንደጮህኩ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ ወጥቼ እንዳልጠራችሁ አልለቅ አለችኝ። ከዚያ የአንተ ድምፅ መጣ። ትንፋሽ አጥሯት እያለ ሳቀች፣ ታምናለህ? ‹ወይ ይሄ ግርማ!› አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በዚህ ዓለም ላይ በመጨረሻ ያሳቅካት አንተ ነህ።» ክንዴን ጨበጠ። «በልምምድ ያሰለቸኋችሁ እኔ ነኝ፣ የምለማመድ መስሎህ ነው። ማን አለ የማይሳሳት? አንድ ቀን በልቤ ይዤብህ አላውቅም። እሱን እያሰብክ እንዳትኖር ብዬ ነው የነገርኩህ።»

«ምን ብለህ እንደጮህክ ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

«እማዬ ነዋ፣» አለ። «እንደ ድራማው። ባይሆን ኖሮ ልምምድ ይመስልህ ነበር?»

አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ ልነግረው ነበር። ፊቱን አየሁት። ከብዙ ጊዜ ሸክም የተገላገለ ሰው ፊት ነው። «ማኪያቶ ይታዘዝልህ?» አልኩት።

ጠጣን። የከፈለውም እሱ ነው፣ እኔ ልክፈል ብዬ ብታገለው እጄን ይዞ። ታክሲ አሳፍሮኝ፣ በሩን ዘግቶልኝ፣ እስክንሄድ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ። መንገዱን ሁሉ የእማማ አስካለን ሳቅ አስብ ነበር። የእኔን ድምፅ ሰምተው ሳቁ። «ቁጭ በሉ» የምትለዋንም ሰምተዋል ማለት ነው። ማንም እንደማይመጣላቸው አውቀው፣ የልጃቸውን እጅ እንደጨበጡ፣ ሳቁልኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታማ ከባለቤቱ አግኝቻለሁ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሳልጠይቅ። ግን እሱ ይቅር ያለው ስሕተቴን ነው። እኔ አልተሳሳትኩም።